የሕፃን ፎቶ መቼ ይነሣ? ከአራስ ቤት እስከ ክርስትና፣ ለጎጃም ወላጆች

ስለ ጨቅላ ሕፃን ፎቶ ባለሙያ ብትጠይቁ ብዙዎቹ «ከ5 እስከ 14 ቀኑ ባለው ጊዜ ይነሣ» ይሏችኋል። ምክንያት አላቸው፤ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ያ ሰሞን በእኛ አገር እናት ከአራስ ቤት የማትወጣበት፣ ገንፎና አጥሚት ሲመላለስ የሚዋልበት፣ አያት ሕፃኑን ከሰው ዓይን የምትከልልበት ነው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ላለ ወላጅ ከ14ኛው ቀን ይልቅ 40ኛውና 80ኛው ቀን ሚዛን ይደፋሉ።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። የአራስ ቤቱን ፎቶ ራሳችሁ በስልክ አንሡት፤ ለባለሙያ የምትከፍሉትን ገንዘብ ለክርስትናው አቆዩት። ይህ ምክር የማይስማማቸው ቤቶች አሉ፤ እነሱንም ወደ ታች አነሣለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ጤናማ እናትና ልጅ ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋም እንዲቆዩ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። በዚያ ጊዜ የሕፃኑ ፊት አበጥ ያለ፣ ጭንቅላቱ በምጥ ሾጠጥ ያለ፣ ቆዳው እጥፋት ውስጥ ነጭ ቅባት የቀረበት ሊሆን ይችላል። «አሁን አያምርም፣ ይቆይ» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። እኔ ግን ያንን መልክ ነው የምወድደው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ባለሙያ በምንም ዋጋ አያመጣውም።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ግን የጡት ነው። ሕፃኑ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ሆኖ የሚጠባበት ሰዓት ስለሆነ ስልክ የያዘ ሰው መሐል ገብቶ «እስኪ ወደዚህ አዙሪው» ማለት የለበትም። ከጎን ሆኖ፣ ፍላሽ አጥፍቶ፣ ሁለት ሦስት ማንሣት ይበቃል። በባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ተወለደ በገጠር ጤና ጣቢያ፣ ክፍሉ የጋራ ሊሆን ስለሚችል ሌላዋ ወላድ በፎቶው ጥግ እንዳትገባ ተጠንቀቁ፤ አዋላጇንም አስፈቅዱ። ለዚህ ቀን ባለሙያ መጥራት ብክነት ነው።

ከ5ኛው እስከ 14ኛው ቀን

ባለሙያዎቹ ይህን ጊዜ የሚመርጡት ለሥራቸው ስለሚመች ነው። ሕፃኑ በቀን 16 ሰዓት ገደማ ይተኛል፤ እንቅልፉ ከባድ ስለሆነ ሲያገላብጡት ቶሎ አይነቃም፤ እግርና እጁን እንደ ማኅፀኑ ጊዜ ሰብስቦ ይተኛል። ፊቱ ላይ የሚወጣው ሽፍታ ብዙ ጊዜ ገና አልጀመረም፤ የማታ ማታው ረጅም ልቅሶም እንዲሁ። በሰፌድ ላይ ተጠቅልሎ የተኛ ሕፃን ፎቶ ከፈለጋችሁ ጊዜው ይኸው ነው።

በዚህ ሰሞን ውስጥም ቢሆን ቀናቱ እኩል አይደሉም። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከትውልድ ክብደቱ እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሰዋል። በ5ኛው ቀን ከሳ ብሎ የታየው ጉንጭ በ12ኛው ቀን ሞላ ይላል። እትብቱም በብዛት በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሳምንት መካከል ይወድቃል። ስለዚህ ለሴት ልጅ ከ10ኛው ቀን ወዲህ ያለውን እመርጣለሁ። ወንድ ልጅ በ8ኛው ቀን የሚገረዝ ከሆነ ነገሩ ይጠብባል፤ ወይ ከግዝረቱ በፊት አንሡት፣ ወይ ከዚያ በኋላ ሳትፈቱት በጥቅሉ ብቻ። ቁስሉ ሳይሽር እግሩን እያጠፉ ማስተኛት ሕመም ነው። በሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ በ7ኛው ቀን አቂቃ (ለተወለደው ልጅ የሚታረደው) ስለሚወጣና ጸጉር ስለሚላጭ ቤተሰብ ራሱ ይሰበሰባል። ለእነሱ ባለሙያ የሚጠራበት ቀን ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ሕፃኑ እንቅልፋም ነው፣ ዘመድም አለ።

ቢጫነትን ግን ከፎቶ ጉዳይ ለይታችሁ እዩት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑ ጨቅላዎች በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ገደማ ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይላል፤ አብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይለቅቃል። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ከደረሰ፣ ሕፃኑ አልጠባም ካለ ወይም ከ14 ቀን ካለፈ ፎቶው ይቅርና ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ሕክምናውን አይተካም። ቢጫ አምፖልና ቢጫ ብርድ ልብስ ጤነኛውን ሕፃን ቢጫ ያስመስላሉ፣ የታመመውንም ይሸፍናሉ። ለማየትም ለፎቶም አምፖሉን አጥፍታችሁ በቀን ብርሃን ተጠቀሙ።

ስለ እናትየዋ ደግሞ ብዙ የፎቶ መመሪያዎች ዝም ይላሉ። በ8ኛው ወይም በ10ኛው ቀን ደም ገና አልቆመም፤ የተሰፋ ሰውነት ሊኖር ይችላል፤ ጡት እየሞላ ያማል፤ እንቅልፍ የለም። በኦፕራሲዮን ከወለደች ደግሞ ቀና ማለትም ሥራ ነው። እንዲህ ያለችን ሴት በባጃጅ በድንጋይ መንገድ እያንገጫገጩ ፎቶ ቤት ማድረስ ለማን ደስታ ነው? በዚህ ሰሞን ባለሙያ የግድ ከፈለጋችሁ እሱ ወደ እናንተ ይምጣ።

ቤት ውስጥ ሲነሣ ዋናው ጉዳይ ብርሃንና ሙቀት ነው። አራስ ቤት ብዙ ጊዜ ጨለም ያለ ነው፤ መስኮቱ ትንሽ፣ በሩ በመጋረጃ የተከለለ። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ አልጋውን ወይም ፍራሹን ወደ መስኮቱ አስጠጉና ሕፃኑ ጎኑን ለብርሃኑ ሰጥቶ ይተኛ፤ ቀጥታ ፀሐይ ፊቱ ላይ አይውደቅ። ፀሐዩ በቀጥታ የሚገባ ከሆነ ነጠላ ዘርጉበት፤ ብርሃኑ ለስለስ ይላል። ከእግሩ በኩል ሆናችሁ ወደ ላይ አታንሡ፤ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ይወጣል። ከጭንቅላቱ በኩል ወይም ከጎኑ ጎንበስ በሉ። ከላይ ስታነሡ ስልኩ ከእጃችሁ ቢያመልጥ የሚወድቀው እሱ ላይ ስለሆነ ክር አስራችሁ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት። የስልኩን ዓይን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ቆዳ የሚያሳምረውን ማጣሪያ አጥፉ። የሚላጠው ቆዳ፣ በግንባሩ ላይ ያለው ቀይ ምልክት፣ የጥፍሩ ማነስ፣ ይኼ ሁሉ ነው ኋላ የሚናፈቀው።

ሙቀቱን በተመለከተ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ አንድ አይደሉም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ ወደ ጮቄ ግርጌ ከወጣችሁ ብርዱ ሌላ ነው። በኢንተርኔት የሚታዩት ራቁታቸውን የተኙ ሕፃናት የሚነሡት በጣም በሞቀ ክፍል ውስጥ ነው። ለወሊድ ክፍል የሚመከረው ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው፤ በሐምሌ ጠዋት በደብረ ማርቆስ ቆርቆሮ ቤት ይህ አይገኝም። ታዲያ ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት ዘግቶ ክፍሉን ማሞቅ የሚያስብ ይኖራል። በፍጹም አታድርጉት። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ እናትንም ልጅንም በእንቅልፍ ውስጥ ይገድላል። ራቁት ፎቶው ይቅር። ነጭ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ፊቱና ጣቶቹ ብቻ የታዩት ሕፃን ፎቶ በእኔ ዓይን የበለጠ ያምራል፤ የእኛም ነው።

«አገጩን በሁለት እጆቹ ደግፎ» የተኛውን ሕፃን አይታችሁ ይሆናል። ያ ፎቶ በአንድ ጊዜ አይነሣም። አንዴ ጭንቅላቱን ሰው ይዞ፣ ሌላ ጊዜ እጁን ሰው ይዞ ይነሣና ሁለቱ በኮምፒውተር ይገጣጠማሉ። ሰው ሳይደግፈው እንዲያ ሊያስቀምጥ የሚሞክር ባለሙያ ካጋጠማችሁ ካሜራውን እንዲሸክፍ ንገሩት። መሶብ ውስጥ ወይም ከፍ ያለ ነገር ላይ ማስተኛትም እንዲሁ፤ የሰው እጅ ሁልጊዜ አጠገቡ ይሁን። ዛጎል የተሰፋበት የአያት አንቀልባ ቤት ውስጥ ካለ ግን አውጡት። ሕፃኑን አታንጠልጥሉበት፤ ከሥሩ ወይም ከጎኑ አንጥፉት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ የፕላስቲክ አበባ አጠገቡ አይደርስም።

የዓይን ነገር ቀረ። በብዙ ቤቶች አያት እንዲህ ትላለች፦ «አይ ልጄ፣ ክርስትና ሳይነሣ ምን ፎቶ አስፈለገው? ዓይን አለ፣ ቡዳ አለ።» አታምኑበትም ይሆናል፤ ያቺ ሴት ግን ሌሊቱን ሙሉ አራሷን ስትጠብቅ ያደረች ናት፤ በአራስ ቤት ከእሷ ጋር መጣላት አያዋጣም። «እማማ፣ እግሩንና እጁን ብቻ ላንሣ፤ ለማንም አላሳይም» ብትሏቸው አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ራሳቸው «ፊቱንም አንሣው እስኪ» ሲሉ ነው የማየው። ፌስቡክ ላይ መለጠፉን እስከ ክርስትናው ማቆየት ደግሞ የአያትን ልብ ከማሳረፍ አልፎ ጥቅም አለው፤ የልጅን ፊት ማን እንደሚያየው ሳያውቁ አለመበተን ዛሬ በየትም አገር የሚመከር ነው።

ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት

ምርጫ ካላችሁ ለተከፈለበት ፎቶ ይህን ጊዜ ዝለሉት። ፊት ላይ ሽፍታ የሚወጣው በአብዛኛው አሁን ነው፤ በተወለደ ጊዜ የተሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ክንዱ ላይ የሚያቆስለውም በዚሁ ሰሞን ነው (የተለመደ ነው፤ አትነካኩት፣ ቅቤም አትቀቡት)። ልቅሶው እየጨመረ ሄዶ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ጣሪያ ይነካል። አንድ መልካም ነገር አለው፤ ነቅቶ ይቆያል፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያለን ፊት ትኩር ብሎ ያያል። እናቱ ስታጠባው ቀና ብሎ ሲያያት በስልክ መያዝ ነው።

ክርስትና፦ 40ና 80

ወንድ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነው፤ የልደቱን ቀን አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። ጥቅምት 1 የተወለደ ወንድ ኅዳር 10፣ ጥቅምት 1 የተወለደች ሴት ታኅሣሥ 20 ይሆናል። ጳጉሜን መሐል ከገባች ግን 5 ወይም 6 ቀን አትርሱ፤ የሐምሌና የነሐሴ ልጆች ወላጆች እዚያ ላይ ይሳሳታሉ።

ባለሙያ ለመጥራት ይህን ጊዜ የምመርጠው በብዙ ምክንያት ነው። እናት አገግማለች፤ ከአራስ ቤት ወጥታ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ቀን ስለሆነ ለብሳ፣ ተሠርታ፣ በፎቶው ውስጥ መግባት ትፈልጋለች። በአራስነት ፎቶዎች ውስጥ እናት የምትጠፋው ራሷ «እኔን አታንሡኝ» ስለምትል ነው። ክርስትና አባት ወይም ክርስትና እናት አሉ፤ ዘመድ ከገጠር መጥቷል፤ ማተቡ አንገት ላይ ታስሯል። አያትም አሁን ዓይን አትፈራም።

የወንዱና የሴቷ ፎቶ ግን እኩል አይወጣም። ሕፃን ሰውን አይቶ ፈገግ ማለት የሚጀምረው ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ ገና ጫፉ ላይ ነው፤ ላይስቅም ይችላል። ሴቷ በ80 ቀኗ 11 ሳምንት አልፏታል፤ ትስቃለች፣ ድምፅ ታወጣለች፣ አንገቷም ጠንከር ብሏል። ስለዚህ የወንድ ልጅ ወላጆች ከክርስትናው ፎቶ ሳቅ አትጠብቁ፤ የእናት ደረት ላይ ተኝቶ፣ በክርስትና አባቱ ክንድ ላይ ሆኖ የሚነሣውን አስቡ። የሴት ልጅ ወላጆች ደግሞ የሚያስቃትን ሰው ከካሜራው ጀርባ አቁሙ።

ክትባቱንም በቆጠራው አስገቡት። የ6ኛው ሳምንት ክትባት በ42ኛው ቀን ነው፤ ወንዱ ክርስትና በተነሣ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። ከክትባቱ በኋላ ማተኮስና መነጫነጭ ሊኖር ስለሚችል ፎቶውን ከዚያ አስቀድሙ። ክትባቱን ለፎቶ ብላችሁ አታዘግዩ። ለሴቷ የ10ኛው ሳምንት ክትባት በ70ኛው ቀን ስለሚያልፍና ቀጣዩ በ14ኛው ሳምንት ስለሆነ 80ኛው ቀን ነጻ ነው።

በዕለቱ መቼ ይነሣ የሚለው ራሱን የቻለ ምርጫ ነው። ጥምቀቱ በማለዳ ነው፤ ሕፃኑ በውኃ ይጠመቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ይቆርባል፤ ደክሞትና በርዶት ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካሜራ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ካህኑን ወይም አስተዳዳሪውን በዋዜማው ጠይቁ፤ ቢፈቅዱም ፍላሽ አይብራ፣ ባለሙያውም በካህኑ ፊት እየተሽሎከለከ አይረብሽ። ከዚያ ቤት ሲደርስ ጠላውና እንግዳው ሳይሞላ ሕፃኑ ጠብቶ ከተኛ በኋላ አጭር ጊዜ ለፎቶ ውሰዱ። ሜሮኑን ለፎቶ ብላችሁ እንዳትጠርጉት። ድግሱ ከገፋ በኋላ ከእጅ እጅ የዞረ ሕፃን ያለቅሳል፤ የሳመው ሰው ሁሉ ጉንፋኑን ይዞ መጥቷል። ለወንድ ልጅ እኔ የምመክረው በማግሥቱ፣ በ41ኛው ቀን ጠዋት ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ እንግዳ ቤት ያደረው ክርስትና አባትም አልሄደም፣ ክትባቱም ገና ነገ ነው። ቀሚሱና ነጠላውም ያው ናቸው።

ወቅቱን ተመልከቱ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ። በእነዚህ ወራት ጥሩ ባለሙያ በእሑድ አይገኝም፤ ቢገኝም ተሻምቶ ነው የሚመጣው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ክርስትናው ዐቢይ ጾም ላይ ከዋለ ድግሱ የጾም ይሆናል እንጂ ባለሙያው ነጻ ነው፤ ለመደራደርም ይመቻል። በክረምት ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለማይታመን፣ መብራትም ስለሚጠፋ፣ ውጭ ለመነሣት አታቅዱ። በመጋቢትና በሚያዝያ ባሕር ዳር ስለሚሞቅ ጣና ዳር መሄድ ያማራችሁ በማለዳ ሂዱ፤ ነፋሱም ትንኙም ሳይበረታ ተመለሱ። መስከረም ላይ የ80 ቀን ልጅ ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ። አደይ አበባ ደጃችሁ ድረስ መጥቷል።

ምክሬ የማይሠራባቸው ቤቶች

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በቀን ቆጠራ አይታሰብም። ሊወለድ ከነበረበት ቀን ጀምራችሁ አስሉለት፤ ባለሙያና እንግዳ ከመቅረቡ በፊትም ሐኪሙ ይፍቀድ። እስከዚያው የሚያስፈልጋችሁ ፎቶ እጃችሁ ላይ ነው፤ ኮፍያ አድርጎ በእናቱ ወይም በአባቱ ደረት ላይ በጨርቅ ታስሮ ሲሞቅ። መንትዮች ሁለቱ አንድ ላይ የሚተኙት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ በክርስትናው ቀን አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነቃል፤ ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ ቀናቸውም ይለያያል። ለመንትዮች ባለሙያውን ቀደም አድርጋችሁ በአራስ ቤት መጥራት ያዋጣል። ፕሮቴስታንት ቤተሰቦችም 40ና 80 ስለማያስገድዳቸው ከ8ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለውን ይምረጡ፤ ሳቅ አለ፣ እናትም በርትታለች። አባት ሩቅ አገር ከሆነ፣ ወይም መንገዱ ክፍት ይሁን አይሁን በማይታወቅበት ሰሞን ዘመድ መምጣቱ ካጠራጠረ፣ የክርስትናውን ቀን አትጠብቁ፤ ያለውን ሰው ይዛችሁ አንሡ።

ሁሉም ያመለጠው ወላጅ ደግሞ 6 ወር ይጠብቅ። በዚያን ጊዜ ልጁ በድጋፍ ወይም ያለ ድጋፍ ይቀመጣል፣ ሰው ይለያል፣ ይስቃል። ፎቶ ቤት ለመውሰድም ቀላሉ ዕድሜ ነው።

ባለሙያውን ስትነጋገሩ

ከዋጋው በፊት ቤት ድረስ ይመጣ እንደሆነ፣ ጨቅላ አንሥቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ሲያነሣ ሕፃኑን ማን እንደሚይዝ ጠይቁት። የሚይዘው ከቤተሰብ ቢሆን ይሻላል። ሲመጣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ካሳለው ቀኑን ይቀይር። ፍላሽ የሕፃንን ዓይን ያጠፋል የሚባለው መሠረት የለውም፤ ነገር ግን ያስደነግጠዋል፣ ያነቃዋልም፤ በመስኮት ብርሃን መሥራት የሚችል ሰው ይመረጣል። ቆዳውን በኮምፒውተር እንዳያነጣውም አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ጠይም ልጅ ሰጥቶ ነጭ ልጅ የሚመልስ ፎቶ ቤት ሞልቷል።

አልበምና ፍሬም ብቻ ተቀብላችሁ አትመለሱ፤ ሶፍት ኮፒውን ሙሉ በሙሉ መቀበላችሁን ከክፍያው በፊት ተስማሙ። በቴሌግራም የሚልክላችሁ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርድና ትልቅ አድርጋችሁ ልታሳትሙ ስትሉ ይደበዝዛል። በስልክ ያነሣችኋቸውንም የአራስ ቤት ፎቶዎች በዚያው መንገድ ለራሳችሁና ለአንድ ዘመድ ላኩ፤ አንድ ፍላሽ ዲስክ ላይም ገልብጡ። ስልክ ይጠፋል፣ ውኃ ውስጥ ይወድቃል፣ ሁለት ዓመት የሞላው ያው ልጅ ራሱ ይሰብረዋል።